የቱን ልምረጥ? ለሞለኪውላር ባዮሎጂ ላብ የንጽጽር መመሪያ

ላብ ውስጥ ዘዴ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ በልማድ ነው። ከእኛ በፊት የነበረው ሰው በዚህ ኪት ይሠራ ነበር፤ እኛም ቀጠልንበት። ፍሪዘር ውስጥ ያለው ኢንዛይም ይሄ ነው፤ እሱኑ አወጣን። ልማድ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የለመዱት ፕሮቶኮል ብዙ ጣጣ ያቃልላል። ችግሩ የሚመጣው ሥራው ተቀይሮ ዘዴው ባለበት ሲቀር ነው።

የእኔ አመራረጥ ከመጨረሻው ይጀምራል። ይህ ዲኤንኤ ነገ ምን ሊሠራበት ነው? ፒሲአር (ዲኤንኤን የማባዣ ዘዴ) ሠርቼ «ባንድ (ጄል ላይ የሚታይ የዲኤንኤ መስመር) አለ» ወይም «የለም» ልል ብቻ ነው? ፕላዝሚድ (ባክቴሪያ ውስጥ የሚባዛ ክብ ዲኤንኤ) ውስጥ ላስገባው ነው? ወይስ ረጅም ቁራጭ ለሚያነብ ሲኩዌንሰር ልልከው ነው? ይሄ ከተመለሰ የ«የቱ ይሻላል» ክርክር ግማሹ እዚያው ያልቃል። በጣም ንጹሕ ዲኤንኤ ለማይፈልግ ሥራ ግማሽ ቀን ማጥፋት ኪሳራ ነው። ንጽሕና ለሚፈልግ ሥራ በአቋራጭ መሄድ ደግሞ ሳምንት ያስከፍላል።

ዲኤንኤ ማውጣት፦ ፈጣን፣ ንጹሕ ወይስ ረጅም?

ሦስቱንም በአንድ ላይ የሚሰጥ ዘዴ የለም። ስለዚህ የትኛውን እንደምትተዉ አስቀድማችሁ ወስኑ።

በጣም ፈጣኑ ናሙናውን አፍልቶ መጠቀም ነው። ለምሳሌ ትንሽ ቁራጭ ቲሹ 25 ሚሊሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ጨምራችሁ በ95 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ ታሞቁታላችሁ። ከዚያ በትሪስ ታረግቡታላችሁ፤ አለቀ። የብዙ አይጦችን ጂኖታይፕ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ነገር አላውቅም። ቼሌክስም ከዚሁ ወገን ነው። ይህ ሬዚን ማግኒዥየምን ይይዛል። ማግኒዥየም ከሌለ ደግሞ ዲኤንኤ የሚበሉት ኢንዛይሞች አይሠሩም። ግን ፒሲአሩም ማግኒዥየም ይፈልጋል። ስለዚህ ከላይ ያለውን ፈሳሽ ስትቀዱ የሬዚኑ ፍሬዎች አብረው እንዳይመጡ ተጠንቀቁ። ሁለት ሦስት ፍሬ እንኳ ሪአክሽኑን ሊያቆመው ይችላል።

የእነዚህ ዘዴዎች ጉድለት ግልጽ ነው። ዲኤንኤው በመፍላቱ በአብዛኛው ነጠላ ክር ሆኗል። ፕሮቲኑም ሆነ ሌላው ቆሻሻ አብሮት አለ። በሪስትሪክሽን ኢንዛይም (ዲኤንኤን የተወሰነ ቦታ ላይ በሚቆርጠው) ልቁረጠው ብትሉ አይሆንም። በናኖድሮፕ (ዲኤንኤን በብርሃን በሚለካው ማሽን) ብትለኩት ቁጥሩ ትርጉም የለውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ለወራት ላስቀምጠው ብላችሁም አትመኩበት። ፒሲአሩን በዚያው ሰሞን ሥሩና ጨርሱ።

መሀል ላይ ያለው የሲሊካ ኮለም ነው። ከፍተኛ ጨው ባለበት ዲኤንኤው ሲሊካው ላይ ይጣበቃል፣ በኤታኖል ይታጠባል፣ ጨው በሌለው ባፈር (ፒኤችን የሚጠብቅ ፈሳሽ) ይለቀቃል። ለፒሲአር፣ ለክሎኒንግ (ቁራጩን ፕላዝሚድ ውስጥ ቀጥሎ በባክቴሪያ ማባዛት) እና ለተለመደው ሲኩዌንሲንግ (የዲኤንኤን ፊደላት ማንበብ) ከበቂ በላይ ነው። ሰው ምርቱ ሲያንስበት ኮለሙን ይወቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ሴሉ በደንብ መሰበሩን ነው። ቁራጩ ሳይሟሟ ከቀረ ወይም ድብልቁ አሁንም እንደ ንፍጥ የሚሳብ ከሆነ ኮለሙ ምንም ሊያደርግ አይችልም። ፕሮቲኔዝ ኬ (ፕሮቲን የሚበላ ኢንዛይም) ጨምሩና ጊዜ ስጡት።

ሁለተኛው ስህተት ከመታጠቢያው በኋላ መቸኮል ነው። ባዶውን ኮለም አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ በሙሉ ፍጥነት አሽከርክሩት። ኤታኖል ከቀረበት ናሙናው ጄሉ ጉድጓድ ውስጥ አይቀመጥም፤ ተንሳፍፎ ይወጣል። ቀጣዩ ኢንዛይምም ይታወካል። ስታስለቅቁ ባፈሩን 50 ዲግሪ አካባቢ አሙቁት፣ የኮለሙ መሀል ላይ አኑሩት፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ጠብቁ። በ30 ማይክሮሊትር ብታስለቅቁ ወፍራም ናሙና ታገኛላችሁ፣ ግን ከጠቅላላው ምርት የተወሰነው ኮለሙ ላይ ይቀራል። በ100 ብታስለቅቁ ተቃራኒው ነው። ይህንንም የሚወስነው ቀጣዩ ሥራ ነው።

አንድ የደህንነት ነገር ሳልረሳው፦ የኮለም ኪቶች ማሰሪያ ባፈር አብዛኛውን ጊዜ ጓኒዲን ጨው አለበት። ቆሻሻውን ከበረኪና ጋር አትቀላቅሉት። መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

ረጅም ዲኤንኤ ከፈለጋችሁ ግን ኮለም ይበጣጥሰዋል። እዚህ ላይ ያረጀው ፌኖል ክሎሮፎርም አሁንም ጌታ ነው። የፌኖሉ ፒኤች 8 አካባቢ መሆን አለበት። አሲዳማ ፌኖል ዲኤንኤውን ከውኃው ክፍል አውጥቶ አርኤንኤውን ብቻ ያስቀራል። አርኤንኤ የሚወጣበት ዘዴም በዚሁ ላይ የቆመ ነው፤ ቾምቺንስኪና ሳኪ በ1987 ያሳተሙት ማለት ነው። ስለዚህ ጠርሙሱን አንብቡ። ላብ ውስጥ ሁለቱም ጎን ለጎን ተቀምጠው አይቼ አውቃለሁ።

የላይኛውን ፈሳሽ ስትቀዱ ስስታም አትሁኑ። ከመሀለኛው ነጭ ድንበር በላይ ትንሽ ትታችሁ ቅዱ። ከዚያ በክሎሮፎርም ብቻ አንድ ጊዜ ድገሙት፤ የቀረውን ፌኖል ጠርጎ ይወስዳል። ቮርቴክስ (በማሽን መነቅነቅ) የለም፤ ቀስ ብሎ መገልበጥ ብቻ። ጫፉ ሰፊ የሆነ ፒፔት ቲፕ ተጠቀሙ። ፌኖል ቆዳን ያቃጥላል፣ ደግሞም ያደነዝዛል፤ ሲነካችሁ ወዲያው ላይሰማችሁ ይችላል። ፊውም ሁድ (ጋዙን የሚስብ የመሥሪያ ሳጥን)፣ ጓንትና መነጽር የግድ ናቸው። ይሄን ለማሟላት የማይመች ላብ ውስጥ ከሆናችሁ በጨው ፕሮቲኑን የሚያዘቅጠው ዘዴ ይሻላችኋል። ንጽሕናው ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ ቁራጩ ረጅም ነው።

ተክል ለሚሠሩ ደግሞ ሲታብ (የሳሙና ዓይነት ኬሚካል) አለ። የተክል ፖሊሳካራይድ ዝልግልግ አድርጎ ያስቸግራል፤ ፖሊፌኖሉም ናሙናውን ቡናማ ያደርገዋል። ሲታብ ጨው በበዛበት ፖሊሳካራይዱን ይለያል፤ ፒቪፒ የሚባለው ፖሊመር ሲጨመርበት ፖሊፌኖሉን ይይዛል። ለጋ ቅጠል ውሰዱ። ያረጀ ቅጠል በማንኛውም ኪት ያታግላል።

ናሙናው በርካታ ከሆነ፣ ባለ 96 ፕሌት የሚሞላ ከሆነ፣ ወደ ማግኔቲክ ቢድ (ዲኤንኤ የሚጣበቅባቸው፣ ማግኔት የሚስባቸው ደቃቅ ፍሬዎች) ሂዱ። የቢዱና የናሙናው ምጥጥን የቁራጩን መጠን ይመርጣል። ለ1 ናሙና 1.8 እጥፍ ቢድ ብታደርጉ ትናንሾቹም ይያዛሉ። ወደ 0.8 ብትወርዱ ትናንሾቹ ታጥበው ይሄዳሉ፤ የፕራይመር ዳይመር (ፒሲአርን የሚያስጀምሩት አጫጭር ክሮች፣ ማለትም ፕራይመሮች፣ እርስ በርስ ተጣብቀው የሚሠሩት ትንሽ ቁራጭ) ማስወገጃ ጥሩ ዘዴ ነው። ቢዱ ከፍሪጅ ወጥቶ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጠብቁ። በኤታኖል ከታጠበ በኋላ ግን እስኪሰነጣጠቅ አታድርቁት፤ ዲኤንኤውን አልለቅም ይላል።

ማዝቀጫውስ? ኤታኖል ወይስ አይሶፕሮፓኖል? ቲዩቡ ውስጥ ቦታ ካለ ኤታኖል። 2 እስከ 2.5 እጥፍ ይፈልጋል፣ ጨው ግን አብሮ ብዙም አይዘቅጥም። አይሶፕሮፓኖል 0.7 እጥፍ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ፈሳሹ ብዙ ሲሆን ይመቻል፤ ግን በ70% ኤታኖል በደንብ ማጠብ አትርሱ።

መለካት፦ ናኖድሮፕ፣ ኪውቢት ወይስ ጄል?

ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቁጥር ስላገኘን የለካን ይመስለናል።

ናኖድሮፕ የሚለካው ናሙናው በ260 ናኖሜትር ምን ያህል ብርሃን እንደዋጠ ነው። 1 ሙሉ ንባብ ለጥንድ ክር ዲኤንኤ 50 ናኖግራም በማይክሮሊትር ነው፣ ለአርኤንኤ 40። ግን 260 ላይ ዲኤንኤ ብቻ አይደለም ብርሃን የሚውጠው። አርኤንኤ ይውጣል። ነጠላ ኑክሊዮታይድ ይውጣል። የተረፈ ፕራይመር ይውጣል። ማሽኑ ሁሉንም ደምሮ «ዲኤንኤ» ብሎ ይነግራችኋል። አርኤንኤዝ (አርኤንኤ የሚበላ ኢንዛይም) ሳይደረግለት የወጣ ጂኖሚክ ዲኤንኤ በናኖድሮፕ ትልቅ ቁጥር ሲያሳይ በኪውቢት በጣም ዝቅ ቢል አይድነቃችሁ። ኪውቢቱ ነው እውነቱን የተናገረው።

የናኖድሮፕ ጥቅሙ ምጥጥኖቹ ላይ ነው። 260/280 ለዲኤንኤ 1.8፣ ለአርኤንኤ 2.0 አካባቢ ይጠበቃል። 260/230 ደግሞ ከ2.0 እስከ 2.2። ሰው የመጀመሪያውን አምልኮ ሁለተኛውን ይረሳል። 260/280 ጥሩ መሆኑ ፕሮቲን የለም ማለት አይደለም፤ ምጥጥኑ የሚወርደው ፕሮቲኑ በጣም ሲበዛ ነው። በተጨማሪም ዲኤንኤው ያለበት ውኃ ትንሽ አሲዳማ ከሆነ ምጥጥኑ ያለ ጥፋቱ ዝቅ ይላል። ባዶ ንባብ ስትወስዱም በዚያው ናሙናው ባለበት ባፈር ይሁን።

የ230 ምጥጥን ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ጓኒዲን፣ ኢዲቲኤ (ማግኒዥየም የሚይዝ ኬሚካል) ወይም ካርቦሃይድሬት ነው። ፌኖል ሲቀር ግን ግራፉን እዩ፤ ጫፉ ከ260 ወደ 270 ይንሸራተታል። ቁጥሩን ብቻ ጽፎ ግራፉን የማያይ ሰው ማሽኑን በግማሹ ነው የተጠቀመው። አንድ የሚያጽናና ነገር ልጨምር፦ ናሙናው ቀጭን ከሆነ ጥቂት ጓኒዲን 260/230ን ያሽቆለቁለዋል። ያ መጠን ፒሲአሩን ብዙ ጊዜ አይጎዳም። ምጥጥኑ አላማረም ብላችሁ ናሙናውን ከመጣላችሁ በፊት ፒሲአሩን ሞክሩት።

ኪውቢት ከጥንድ ክር ዲኤንኤ ጋር ሲጣበቅ ብቻ የሚያበራ ማቅለሚያ ይጠቀማል። ስለዚህ መጠኑን በትክክል ይነግራችኋል፣ ንጽሕናውን ግን አይነግራችሁም። ቀጭን ናሙናም ይለካል፤ ናኖድሮፕ ከ10 ናኖግራም በማይክሮሊትር በታች ሲሆን ማወላወል ይጀምራል። በተቃራኒው ከላይ ያነሳነውን የፈላ ዲኤንኤ ኪውቢት ላይ ብታኖሩት የለም ይላችኋል፤ ነጠላ ክር ነዋ። ስታንዳርዶቹም ናሙናዎቹም የክፍሉን ሙቀት ይያዙ፤ ቲዩቡን በእጃችሁ ይዛችሁ አታሙቁት።

ሁለቱም የማያሳዩት አንድ ነገር አለ፦ ዲኤንኤው የተበጣጠሰ መሆን አለመሆኑን። ለዚያ ጄል ያስፈልጋል። ጥሩ ጂኖሚክ ዲኤንኤ ከላይ አንድ ጥብቅ ባንድ ነው። የተበጣጠሰው እስከ ታች የተለቀለቀ ጭረት ነው። ከታች ደብዛዛ ደመና ካለ ደግሞ አርኤንኤ ነው።

እንግዲህ ለተራ ፒሲአር ናኖድሮፕ ይበቃል። ለሲኩዌንሲንግ ላይብረሪ (ለማንበብ የተዘጋጀ የዲኤንኤ ቁራጮች ስብስብ) ኪውቢት ግዴታ ነው። ለረጅም ንባብ ሦስቱንም አድርጉ፤ እዚህ ላይ መሰሰት አያዋጣም።

ጄል፦ ቲኤኢ ወይስ ቲቢኢ፣ በምንስ ይቀለም?

ሁለቱም ጄል የሚሮጥባቸው ባፈሮች ናቸው፤ ባንዱን ቆርጣችሁ ልታወጡ ከሆነ ቲኤኢ። ነገሩ ይሄው ነው። ቲቢኢ ውስጥ ያለው ቦሬት ቀጥለው የሚመጡትን ኢንዛይሞች ሊያውክ ይችላል። ቁራጩ ትንሽ ከሆነ፣ ከ1 ኪሎቤዝ (1000 ቤዝ) በታች፣ እና ማየት ብቻ ከፈለጋችሁ ቲቢኢ ባንዱን ጥርት አድርጎ ያሳያል። ሙቀትንና ረጅም ሩጫንም ይችላል። ቲኤኢ ባፈርነቱ ቶሎ ይደክማል፤ ያንኑ ባፈር ደጋግሞ መጠቀም ባንዱን ያጣምመዋል። ለመደርደሪያም ቲኤኢ ይመቻል፤ 50 እጥፍ ወፍራም ሆኖ ይቀመጣል። ቲቢኢ ወፍራሙ ሲቆይ ከታች ነጭ ዝቃጭ ይሠራል።

ቮልቴጁን በጄሉ ርዝመት አታስሉ። በሁለቱ ኤሌክትሮዶች መካከል ያለውን ርቀት ለኩና በሴንቲሜትር 5 ቮልት ስጡት። 100 እስከ 500 ቤዝ ለሆነ ቁራጭ 2% አጋሮስ (ጄሉ የሚሠራበት ዱቄት)፣ ለተለመደው 1%፣ ከ5 ኪሎቤዝ በላይ ለሆነ 0.7%።

ማቅለሚያውን በተመለከተ፣ ኤቲዲየም ብሮማይድ ርካሽና ጠንካራ ነው። ዲኤንኤ መሀል ስለሚገባ ግን ሙታጀን (ዘረመልን የሚቀይር) ተብሎ ይያዛል፤ የራሱ ጓንት፣ የራሱ ቆሻሻ መጣያ ይፈልጋል። ጄልሬድ የተሠራው የሴል ሽፋን እንዳያልፍ ነው። ግን ጄሉ ውስጥ ቀላቅላችሁ ብዙ ዲኤንኤ ከጫናችሁበት ባንዱ ይንሸራተታል፤ መጠኑን በስህተት ታነባላችሁ። ያኔ ወይ ዲኤንኤውን ቀንሱ ወይ ጄሉ ከሮጠ በኋላ ቅለሙት። ሳይበር ሴፍ በሰማያዊ ብርሃን ይታያል። እኔን የሚገዛኝ ይሄ ነው። ባንድ ቆርጦ ለክሎኒንግ ለሚያወጣ ሰው ዩቪ ጠላት ነው፤ ዲኤንኤውን ይጎዳዋል፣ ኮሎኒው (ፕሌቱ ላይ የሚበቅለው የባክቴሪያ ክምር) ይቀንሳል። ሰማያዊ ብርሃን ከሌላችሁ የ365 ናኖሜትሩን ዩቪ ተጠቀሙና ቶሎ ቁረጡ። ፎቶ የምታነሱበትን ሌላ መስመር ጫኑ፤ የምትቆርጡትን አታብሩበት።

ፖሊመሬዝ፦ ታክ ወይስ ራሱን የሚያርም?

ፖሊመሬዝ በፒሲአር ዲኤንኤውን የሚገለብጠው ኢንዛይም ነው። ታክ የሚባለው የመጣው ከቴርመስ አኳቲከስ ነው፤ ቶማስ ብሮክና ሀድሰን ፍሪዝ የሎውስቶን ፍል ውኃ ውስጥ ያገኙት ባክቴሪያ። ብርቱ፣ ርካሽና ይቅር ባይ ነው። ናሙናው ትንሽ ቆሻሻ ቢሆንም ይሠራል። ኮሎኒ ፒሲአር፣ ጂኖታይፕ፣ «አለ የለም» ለሚባል ሥራ ሁሉ ታክ ይበቃል። ለእነዚህ ውድ ኢንዛይም የሚያወጣ ሰው ሲገጥመኝ ይገርመኛል።

ታክ ግን ስህተቱን አያርምም። በአንድ ቅጂ ከ10 ሺህ እስከ 100 ሺህ ቤዝ ውስጥ አንድ ይሳሳታል። እስቲ መሀሉን ይዘን እናስላው፦ ከ50 ሺህ አንድ ይሁን። 1000 ቤዝ ያለው ቁራጭ 25 ጊዜ ቢባዛ፣ በአማካይ ለሁለት ሞለኪውል አንድ ስህተት ይደርሳል። ጄል ላይ ይህ አይታይም። ቁራጩን በቀጥታ ሲኩዌንስ ብታደርጉትም አይታይም፤ የብዙኃኑ ድምፅ ስህተቱን ይውጠዋል። ክሎን ስታደርጉ ግን አንድ ኮሎኒ የያዘው አንድ ሞለኪውል ነው። ያኔ ጉዱ ይወጣል። ስለዚህ ለክሎኒንግ ራሱን የሚያርም ኢንዛይም፣ ያለ ክርክር። ፒኤፍዩ፣ ፊውዥን፣ ኪው 5 ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። አንዱ ልዩነታቸው ፍጥነት ነው። ታክ ለ1 ኪሎቤዝ 1 ደቂቃ ሲፈልግ ፒኤፍዩ 2 ደቂቃ ይፈልጋል። ፊውዥን ከ15 እስከ 30 ሰከንድ ይበቃዋል።

ወደ እነዚህ ስትቀይሩ የድሮውን ፕሮግራም እንዳለ አታስሩት። የፊውዥንና የኪው 5 ፕራይመር መጣበቂያ ሙቀት ከታክ ከፍ ይላል፤ አምራቹ ባዘጋጀው ማስያ አስሉ። ያንን ሳያደርጉ «ይሄ ኢንዛይም አይሠራም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እርማቱን የሚያደርገው ክፍል ፕራይመሩንም ከጫፉ ሊበላ ይችላል። ድብልቁን በበረዶ ላይ ሥሩ፣ ኢንዛይሙን መጨረሻ ጨምሩ።

ሁለት ቦታ ግን ታክ ያሸንፋል። አንደኛው ቲኤ ክሎኒንግ ነው። ታክ ጫፉ ላይ አንድ ኤ ይጨምራል፣ ቬክተሩም (ቁራጩን የሚሸከመው ፕላዝሚድ) ለዚያ የተዘጋጀ ቲ አለው። አራሚዎቹ ያንን ኤ አይጨምሩም። በእነሱ አባዝታችሁ ቲኤ ማድረግ ካሻችሁ መጀመሪያ አጽዱት፤ ከዚያ ታክና ዲኤቲፒ (የኤ ጥሬ ዕቃ) ጨምራችሁ በ72 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አቆዩት። ሁለተኛው ዩራሲል ያለበት ቴምፕሌት (የሚገለበጠው ዲኤንኤ) ነው፤ ለምሳሌ ለሜቲሌሽን ጥናት በባይሰልፋይት የተሠራ ዲኤንኤ። እንደ ፒኤፍዩ ያሉ የአርኬያ ኢንዛይሞች ዩራሲል ሲያገኙ ይቆማሉ። ለዚያ ተብለው የተሻሻሉ ካልሆኑ በቀር ጊዜያችሁን አታባክኑ።

ያልተፈለገ ባንድ ካስቸገራችሁ ኢንዛይሙን ከመቀየራችሁ በፊት ሆት ስታርት አድርጉት፤ ማለትም ኢንዛይሙ እስኪሞቅ ድረስ ሥራ እንዳይጀምር። ባንድ ጨርሶ ካጣችሁ ደግሞ ቴምፕሌቱን ከመጨመራችሁ በፊት 10 እጥፍ አቅጥኑት። እንግዳ ይመስላል፣ ግን የደም ሄምና የአፈር ሁሚክ አሲድ ፒሲአርን ያቆማሉ፤ ሲቀጥኑ ጉልበታቸው ይወድቃል።

ኪውፒሲአር፦ ሳይበር ግሪን ወይስ ፕሮብ?

ኪውፒሲአር ዲኤንኤው እየተባዛ ሳለ መጠኑን የሚለካ ፒሲአር ነው። ጥቂት ጂኖች፣ ብዙ ናሙና፣ ጊዜ አላችሁ? ሳይበር ግሪን። ርካሽ ነው፣ ፕራይመር ብቻ ይበቃዋል። ግን ማንኛውንም ጥንድ ክር ያበራል፤ ፕራይመር ዳይመርም ለእሱ ምርት ነው። ስለዚህ መጨረሻ ላይ የሜልት ከርቩን (ምርቱ ሲሞቅ ክሮቹ የሚለያዩበትን ሙቀት የሚያሳየውን ግራፍ) ሳታዩ ቁጥር አትመኑ። አንድ ጫፍ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሁለት ጫፍ ካለ ጄል ላይ ጫኑትና እዩት። በአንድ ቲዩብ ሁለት ሦስት ነገር መለየት ከፈለጋችሁ፣ ወይም ለበሽታ ምርመራ ከሆነ፣ ፕሮብ (የሚፈለገው ቁራጭ ላይ ብቻ የሚጣበቅ፣ ብርሃን የሚሰጥ አጭር ክር) ግዙ።

በሁለቱም ስታንዳርድ ከርቭ (በታወቀ መጠን እየቀጠነ የሚሄድ ናሙና ግራፍ) ሥሩ። የመስመሩ ዘንበልታ -3.32 ከሆነ ብቃቱ 100% ነው። ከ90 እስከ 110% ተቀባይነት አለው። ቁራጩን ከ70 እስከ 150 ቤዝ አድርጉት። ሲዲኤንኤ (ከአርኤንኤ የተገለበጠ ዲኤንኤ) ስትሠሩ ኦሊጎ ዲቲ የሚባለው ፕራይመር የሚጣበቀው ፖሊ ኤ ጭራ ላይ ነው፤ አርኤንኤው ከተበጣጠሰ የፊት ክፍሉን ያጣል። ራንደም ሄክሳመር ይሄ አያሳስበውም፤ ግን ሪቦሶማሉን አርኤንኤም አብሮ ይገለብጣል። ሁለቱን ቀላቅሎ መጠቀም ለአብዛኛው ሥራ ጥሩ ነው።

ክሎኒንግ፦ ቆርጦ መቀጠል፣ ጊብሰን ወይስ ጎልደን ጌት?

አንድ ቁራጭ ወደ አንድ ቬክተር፣ ኢንዛይሞቹም ፍሪዘር ውስጥ ካሉ፣ የድሮው ቆርጦ መቀጠል አሁንም ያስኬዳል። ፕራይመሩ ላይ ከመቁረጫው ቦታ በፊት 6 ቤዝ ያህል ትርፍ ጨምሩ፤ ኢንዛይሙ ጫፍ ላይ ቆሞ መቁረጥ አይወድም። የኢንዛይሙ መጠን ከጠቅላላው 10% አይለፍ፤ ግሊሰሮሉ ከ5% ሲበልጥ አንዳንዱ ያላዘዛችሁትን ቦታ ይቆርጣል። ክላ 1ና ኤክስባ 1 የመሰሉት ደግሞ ዳም ሜቲሌሽን (ባክቴሪያው ዲኤንኤው ላይ የሚያደርገው ኬሚካላዊ ምልክት) ሲደራረብባቸው አይቆርጡም። ኢንዛይሙን ከመጠርጠራችሁ በፊት ሲኩዌንሱን እዩ።

ለመቀጠል የቬክተርና የቁራጭ 1 ለ3 የሞላር (በሞለኪውል ብዛት) ምጥጥን የተለመደ ነው። 5 ኪሎቤዝ ቬክተር 50 ናኖግራም ብታደርጉ፣ 1 ኪሎቤዝ ቁራጭ 30 ናኖግራም ይሆናል። የላይጌዝ (ቁራጮቹን የሚያጣብቀው ኢንዛይም) ባፈር ኤቲፒ አለው፤ በቀዘቀዘና በቀለጠ ቁጥር ይዳከማል። ገና እንደመጣ በትናንሽ ቲዩብ ከፋፍሉት።

ጊብሰን በ2009 የመጣ ነው። ሦስት ኢንዛይም በአንድ ቲዩብ፣ 50 ዲግሪ፣ ከ15 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት። ቁራጮቹ ከ20 እስከ 40 ቤዝ መደራረብ አለባቸው። የመቁረጫ ቦታ መፈለግ ቀረላችሁ ማለት ነው። ሁለት ሦስት ቁራጭ ያለ ጠባሳ ለመገጣጠም የእኔ ምርጫ ይሄ ነው። ድክመቱ ከ200 ቤዝ ያነሰ ቁራጭ ላይ ነው፤ ጫፉን የሚበላው ኢንዛይም ቁራጩን በሙሉ ሊጨርሰው ይችላል። ቬክተሩን በፒሲአር ካባዛችሁት ዲፒኤን 1 ጨምሩ። ከባክቴሪያ የወጣውን የድሮ ፕላዝሚድ ይበላዋል፤ አለበለዚያ ፕሌቱ በባዶ ቬክተር ኮሎኒ ይሞላል።

ቁራጩ አምስት ስድስት ከሆነ ወይም እየቀያየራችሁ ብዙ ጥምር የምትሠሩ ከሆነ ጎልደን ጌት። ቢኤስኤ 1 የሚባለው ኢንዛይም የሚቆርጠው ከሚያውቀው ቦታ ውጭ ነው፤ 4 ቤዝ ጫፍ ይተዋል፣ ጫፉን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። 256 አማራጭ አለ፤ 16ቱ ራሳቸውን በራሳቸው ስለሚጣበቁ ተዉአቸው። ቅድመ ሁኔታው ቁራጩ ውስጥ የቢኤስኤ 1 ቦታ አለመኖሩ ነው። ካለ መጀመሪያ በሙቴሽን ማጥፋት ይጠይቃል። ለአንድ ጊዜ ሥራ ይሄ ሁሉ አያዋጣም፤ ለዓመት ለሚቀጥል ፕሮጀክት ግን ድካሙን ይመልሳል።

ባክቴሪያ ውስጥ ማስገባት

ተራ ፕላዝሚድ ከሆነ በ42 ዲግሪ ሙቀት መምታት ይበቃል። ላይብረሪ (የብዙ ዓይነት ፕላዝሚዶች ስብስብ) ከሆነ፣ ወይም ዲኤንኤው በጣም ትንሽ ከሆነ ኤሌክትሮፖሬሽን (በኤሌክትሪክ ምት ማስገባት)። ኤሌክትሮፖሬሽን ጨው አይወድም፤ የላይጌሽን ድብልቅ በቀጥታ ብትጨምሩ ብልጭ ብሎ ይፈነዳና ሴሉ ሁሉ ይሞታል። አጽዱት ወይም በጣም አቅጥኑት። ካናማይሲን ላይ ለሚዘራ አንድ ሰዓት ያለ አንቲባዮቲክ ማሳደግ አትዝለሉ። አምፒሲሊን ላይ በትልቁ ኮሎኒ ዙሪያ ትንንሾች ሲበቅሉ እነሱን አትልቀሙ፤ ፕላዝሚድ የላቸውም። ካርቤኒሲሊን ይህን ይቀንሳል። ሁልጊዜም ሁለት ተጨማሪ ፕሌት ይኑር፦ አንዱ የታወቀ ፕላዝሚድ፣ አንዱ ላይጌዝ ያልገባበት። ኮሎኒ ሲጠፋ ሴሉ ይሁን ላይጌሽኑ ችግሩ የሚታወቀው በእነሱ ነው።

ማስቀመጥ፦ ውኃ ወይስ ቲኢ?

ለረጅም ጊዜ ከሆነ ቲኢ (ትሪስና ኢዲቲኤ ያለበት ባፈር)። ኢዲቲኤው ማግኒዥየሙን ይዞ ዲኤንኤ በሊታዎቹን ያስተኛል፣ ትሪሱ ፒኤቹን ይጠብቃል። ንጹሕ ውኃ ቀስ በቀስ አሲዳማ ስለሚሆን ዲኤንኤው ይጎዳል። ግን 1 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ ብዙ ማይክሮሊትር ቴምፕሌት በሚገባበት ፒሲአር ላይ ማግኒዥየሙን ይሻማል፤ ለሲኩዌንሲንግም አይመከርም። መሀለኛው መንገድ ኢዲቲኤውን ወደ 0.1 ሚሊሞላር ዝቅ ማድረግ ወይም 10 ሚሊሞላር ትሪስ በፒኤች 8.5 መጠቀም ነው። አርኤንኤ በ80 ዲግሪ ከዜሮ በታች፣ በትናንሽ ቲዩብ ተከፋፍሎ ይቀመጥ። ረጅም ጂኖሚክ ዲኤንኤን ግን ደጋግሞ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ ይሰባብረዋል። በቅርብ የምትጠቀሙበትን ያህል በ4 ዲግሪ ፍሪጅ ውስጥ ተዉት፣ የቀረውን ብቻ ፍሪዘር አስገቡ።